የጠፋው አሥራ አንድ ወር

ጋሽ ገብረማርያም ጡረታ በወጡ በወራቸው ወደ ጤና ጣቢያው ብቅ ሲሉ ሙሉጌጥ ሊጠይቁን መጡ ብላ ደስ አላት። ከወንበሯ ተነስታ ሳመቻቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

«ሙሉዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር» አሉ። «ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄጄ ዓመትዎ አልሞላም አሉኝ።»

«የምን ዓመት ጋሼ?»

«አሥሩ ነዋ! የሠሩት ዘጠኝ ዓመት ከስድስት ወር ነው አሉኝ። አሥር ካልሞላ ደግሞ በየወሩ የሚከፈል የለም፤ አንዴ ዳረጎት ተሰጥቶ ይዘጋል።» ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉት። «እኔ አሥር ዓመት ከአምስት ወር ነበር የምለው። መቼም ተሳስቼ ይሆናል። እኔ ምን ቆጠራ አውቃለሁ?»

ሙሉጌጥ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለው በዚያ ጤና ጣቢያ ደመወዝ መሥራት ከጀመረች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በየወሩ የሠራተኛውን ስም፣ ደመወዙንና የተቆረጠበትን መዋጮ በዝርዝር አዘጋጅታ ለጡረታ መሥሪያ ቤት የምትልከው እሷ ናት። አንድ ሠራተኛ ስንት ዘመን እንዳገለገለ እዚያ ያሉት ሰዎች የሚያውቁት በዚያ ዝርዝር ነው። ስሙ እዚያ ላይ ከሌለ፣ ሰውየው በር ላይ ቆሞ ብርድ ሲቆላው ቢከርምም አልሠራም ማለት ነው።

ወረቀቱን አነበበችው። የጎደለው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ወራት ነበር። ወዲያው ነበር ያስታወሰችው።

ጋሽ ገብረማርያም በጥበቃነት የተቀጠሩት ዝርዝሩ በእጅ መጻፉ ቀርቶ ኮምፒውተር ላይ መሠራት በጀመረበት ዓመት ነበር። የጡረታ መለያ ቁጥራቸው ገና ስላልወጣ በስማቸው ብቻ ነበር የሚላኩት። «ገብረማርያም ሀብቴ» ማለት ሲገባት «ገብረማርያም ሀብታሙ» ብላ ጻፈች። በየወሩ ያንኑ እየገለበጠች አሥራ አንድ ወር ላከች። ቁጥራቸው ሲመጣ ስህተቷን አየችና ከዚያ ወር ጀምሮ ስሙን አስተካከለች። ላለፉት ወራት ግን የማስተካከያ ደብዳቤ ጽፋ፣ ኃላፊ አስፈርማ መላክ ነበረባት። ያን ሰሞን እናቷ አልጋ ላይ ነበሩ። ነገ እጽፈዋለሁ አለች። እናቷ አረፉ፣ ሐዘን ተቀመጠች፤ ወደ ሥራ ስትመለስ ደብዳቤው ከሐሳቧ ጨርሶ ወጥቶ ነበር። ከጋሽ ገብረማርያም ደመወዝ ላይ የተቆረጠው የአሥራ አንድ ወር መዋጮ፣ በዓለም ላይ በሌለ ሰው ስም ተቀምጦ ቀረ።

ያኔውኑ ልትነግራቸው ትችል ነበር። አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በአንድ ደረሰኝ የተነሳ ከሥራ ታግዶ፣ ስድስት ወር ሙሉ ያለ ደመወዝ ሲንከራተት አይታለች። እሷ ደግሞ ሲግናል ሰፈር በተከራየቻት ቤት ሁለት ልጆች የምታሳድገው ለብቻዋ ነው።

«እስቲ ላጣራ ጋሼ» አለች።

«ኧረ አትቸገሪ። ካልሞላ አልሞላም ነው። የጨነቀኝ ለታደለች የምነግራት ነው። ሞልቷል ብዬ በማርያም ምዬላት ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። በመጀመሪያው «አልጨረስኩም» አለቻቸው። በሁለተኛው፣ ዓይናቸውን ሳታይ፣ «መዝገቡ የሚለው እንደዚያው ነው ጋሼ» አለች። ጋሽ ገብረማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለደከመችላቸው አመሰገኗት፤ ከጓሯቸው የቆረጡትንም ጎመን በፌስታል ጠረጴዛዋ ሥር አስቀምጠውላት ሄዱ። ሙሉጌጥ ጎመኑን ቤቷ ልትወስደው አልቻለችም። ለጽዳት ሠራተኛዋ ለዘሀራ ሰጠቻት።

ኅዳር ላይ ዳረጎቱን ተቀበሉ። ጥቂት ቆይቶ ዘሀራ፣ ጋሽ ገብረማርያም እንጦጦ ላይ በሚሠራ አንድ ሕንፃ ዘበኛ ሆነው መቀጠራቸውን ሰምታ መጣች። «በዚያ ብርድ፣ በዚህ ዕድሜ» አለች ዘሀራ።

ጥር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮዋ ስትገባ፣ ካርድ ለማውጣት ከተሰለፉት ሕሙማን መካከል አየቻቸው። አሥር ዓመት ሰው ሲያስገቡ ሲያስወጡ በኖሩበት በር ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ቀጥኖ፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ሲያዩዋት ሊነሱ ፈለጉ። ሳሉ ግን አጎንብሶ አስቀራቸው።

«ደህና ነሽ ወይ ሙሉዬ? ልጆችስ?» አሉ ሲበርድላቸው።

ምን ብላ እንደመለሰች አታውቅም። ያን ቀን ሐኪሙ ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቷል ብሎ ወደ ሆስፒታል ላካቸው። ሙሉጌጥ ቢሮዋን ቆልፋ እያለቀሰች ቆየች፤ ከዚያም ፊቷን ታጥባ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ይድነቃቸው ክፍል ገባች። ቁጭ እንኳ ሳትል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው።

አቶ ይድነቃቸው የያዘውን እስክሪብቶ አስቀመጠ።

«ጥቅምት ላይ ሲመጡ ለምን አልተናገርሽም?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እየፈራሁ ነው።»

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ። «ደብዳቤውን እፈርማለሁ። ግን ስህተቱ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደታወቀም ይጻፋል። ወደ ዲሲፕሊን መሄዱም አይቀርም።»

«ይጻፍ» አለች።

የድሮዎቹ የደመወዝ መክፈያዎች ከጓሮ ባለው መጋዘን፣ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ተከምረው ነበር። ሙሉጌጥና ዘሀራ ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ሲቅሙ ዋሉ። አይጥ ያልነካው ጥቂት ነው። አሥራ አንዱንም ወር ግን አገኙት። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ስማቸው በትክክል ተጽፏል፤ ገብረማርያም ሀብቴ ይላል። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ ከስማቸው ትይዩ ያለው ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ግን ፊርማ አለ፤ ከመስመሩ የወጣ፣ ትልልቅ፣ ተጠንቅቆ የተጻፈ ፊደል።

«የማታ ትምህርት ገብተው ነበር እኮ» አለች ዘሀራ። «መጀመሪያ የፈረሙ ቀን ለሁላችንም ሻይ ገዝተውልን ነበር፤ ትዝ አይልሽም?»

ሙሉጌጥ ትዝ አላላትም። ያን ጊዜ ሙሉውን የኖረችው በእናቷ ሐሳብ ነበር።

ወረቀቶቹን ይዛ ጡረታ መሥሪያ ቤት ስትሄድ የተቀበላት ወንድይራድ የሚባል ሠራተኛ ነው። የእሷን ዝርዝርና መክፈያዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አስተያያቸው። ሲጨርስ እንደ መቆጨት አደረገው።

«ይሄ ቀላል ነገር ነበር» አለ። «ውሳኔ ሳይሰጥ ብትመጪ በሳምንት ያልቅ ነበር። አሁን ግን ዳረጎቱ ተከፍሏል፤ እንደገና ለኮሚቴ ቀርቦ መወሰን አለበት። ሁለት ወር ሳይፈጅ አይቀርም። ብቻ ይስተካከላል። የተከፈላቸው ገንዘብ ከጡረታቸው ላይ በየወሩ እየተቀነሰ ይመለሳል።»

ከዚያ ስትወጣ በቀጥታ ሆስፒታል ሄዳ ልትነግራቸው አሰበች። ታክሲ ውስጥ ሆና ሐሳቧን ቀየረች። ውሳኔው በእጄ ሳይገባ በባዶ ተስፋ ምን አደክማቸዋለሁ፣ ወረቀቱን ይዤ እሄዳለሁ አለች። ለራሷ ያለችው እንደዚያ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ፊታቸው መቆሙ ስለከበዳት ነው፤ ይህንንም ያወቀችው ቆይታ ነው።

የካቲት በገባ በአሥረኛው ቀን ጋሽ ገብረማርያም አረፉ። የተቀበሩት እንጦጦ ማርያም ነው። ሙሉጌጥ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ሄዳ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ አንድ የጽድ ዛፍ ሥር ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ስታለቅስ ላያት፣ እንደማንም የሥራ ባልደረባ አልቃሽ ነበረች።

ውሳኔው የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ በተላከው ደብዳቤ ላይ የሟች የአገልግሎት ዘመን መስተካከሉና ባለቤታቸው የጡረታውን ግማሽ በየወሩ እንዲያገኙ መወሰኑ ተጽፎ ነበር። አቶ ይድነቃቸው በፖስታ ይላክ ሲል ሙሉጌጥ እኔው አደርሳለሁ አለች። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄዳ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሯ ወጣችው።

እትዬ ታደለች ደጃቸው ላይ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ሲያዩዋት አወቋት። በርጩማ አቀረቡላት።

«ደብዳቤ ይዤ ነው የመጣሁት እትዬ» አለች።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። «የአገልግሎት ዘመን አሥር ዓመት ከአምስት ወር» ከሚለው ላይ ስትደርስ የእትዬ ታደለች እንዝርት ቆመ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

«አሥር ከአምስት» አሉ እትዬ ታደለች። «እሱ ያለው ነዋ! ታዲያ እነዚያ ሰዎች ለምን አልሞላም አሉት?»

ሙሉጌጥ ደብዳቤውን ጉልበቷ ላይ አደረገችና ነገረቻቸው። ስሙን አሳስታ መጻፏን፣ የማስተካከያውን ደብዳቤ መርሳቷን ነገረቻቸው። ከዚያ እጅግ የከበዳትንም አልዘለለችውም፤ ጋሽ ገብረማርያም ጥቅምት ላይ ሲመጡ ስህተቱ የእሷ መሆኑን እያወቀች መዋሸቷን፣ እሳቸውም አመስግነዋት መሄዳቸውን። ይጮኹብኛል፣ ይረግሙኛል ብላ ጠበቀች። እትዬ ታደለች ግን የሚያዩት እሷን አልነበረም፤ ቁልቁል ወደ ከተማው ነበር።

«ውሸታም ብዬዋለሁ» አሉ በቀስታ። «ጎረቤት እየሰማ። ዕድሜውን ሙሉ መቁጠር የማያውቅ፣ በእመቤቴ ስም በሐሰት የሚምል ብዬዋለሁ። አኮረፍኩት። አንድ ገበታ ላይ ቀርቤ አልበላሁም። ያ ሕንፃ ዘበኛ ይፈልጋል ሲባልም ሂድና ሥራ፣ ደሞዝ ሳይኖር ማን ሊቀልብህ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ደረቴን ይወጋኛል እያለ ነው የሄደው። ሰበብ ነው አልኩት።»

«እትዬ...»

«ሊሞት ሲል እንኳ ‹ታደሉ፣ ስቆጥር አሥር ነበር የመጣልኝ፣ ልዋሽሽ ብዬ አይደለም› አለኝ። እሺ ይሁን ዝም በል አልኩት። አመንኩህ አላልኩትም። ሳላምነው ሞተ።»

ሙሉጌጥ ከበርጩማዋ ወርዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ። ስለ ማርያም ይቅር ይበሉኝ።»

«ተነሽ። ተነሽ እንጂ፣ ልብስሽ አፈር በአፈር ሆነ።» እትዬ ታደለች ትከሻዋን ይዘው አነሷት። «ይቅር ማለት አለብኝ፤ የንስሐ አባቴም ይህንኑ ነው የሚሉኝ። ዛሬ ግን ከልቤ አይወጣልኝም። አንቺ ዋሽተሽ እዚህ አደረስሽን፤ እኔ ደግሞ ይቅር ብያለሁ ብዬ ልዋሽሽ? ወረቀቱን እዚያ አስቀምጪና ሂጂልኝ።»

ወረቀቱን መደብ ላይ አስቀምጣ፣ እንዳይበር ድንጋይ ጭና ወረደች።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የሁለት ወር ደመወዝ ቀጣት። ይግባኝ በይ ሲሏት እንቢ አለች። የእትዬ ታደለች ጡረታ ከሰኔ ጀምሮ በባንክ መግባት ጀመረ፤ ይህንም ለሙሉጌጥ የነገረቻት እትዬ ታደለች ዘንድ ደውላ የጠየቀችው ዘሀራ ናት፤ እሳቸው ራሳቸው ጤና ጣቢያው ደጅ አልደረሱም። ሙሉጌጥም ወደ እንጦጦ ለመውጣት ድፍረት አጣች።

የጋሽ ገብረማርያም ሙት ዓመት ሲደርስ ግን ማንም ሳይጠራት ሄደች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከሰው ራቅ ብላ ቆየች። ሰዉ ለተዝካሩ ወደ ቤት ሲያመራ ወደ ታች ልትወርድ መንገዱን ያዘች። ጥቂት እንደሄደች አንዲት ጎረቤት ከኋላዋ እየሮጠች ደረሰችባት።

«እህቴ፣ አንቺ ከጤና ጣቢያ ነሽ አይደል? እትዬ ታደለች ገብታ እህል ትቅመስ ብለዋል።»

ሙሉጌጥ ተመልሳ ገባች። ድንኳኑ ውስጥ ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ፣ ከማታውቃቸው ሴቶች አጠገብ ተቀመጠች። እትዬ ታደለች ወጥ እየጨመሩ በየተራ ሲመጡ እሷም ጋ ደረሱ። ፊቷን አላዩዋትም። አንድ ጭልፋ ጨመሩላት፤ ጥቂት ቆመው ሌላ ደገሙላትና ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።