ቡድን የገባው ሙክት

«ባአአ» የሚል ድምፅ ከኳስ ሜዳው ግንብ ወዲያ ተሰማ። እትዬ አስካለማርያም ቆም አሉ።

«የኔው ነው» አሉ፤ «ድምፁ እንኳ ሰብቷል።»

አብሯቸው የመጣው ተማሪው ዓለምሰገድ አንገቱን ደፋ። ቀዳም ሹር ነው፤ ሙክቱ ማታ መታረድ አለበት። እትዬ አስካለማርያም ከደርግ ሸሽተው ለንደን ከገቡ ወዲህ፣ ማን እንዳረደው፣ በማን ስም እንደተባረከ ያላወቅሁትን ሥጋ አልቀምስም ብለው፣ ፋሲካን በምስር ወጥ ሲፈስኩ ኖረዋል። ዘንድሮ ግን ኤድመንተን የሚባለው የለንደን ሰፈራቸው አበሻ ተሰባስቦ ከገጠር ሙክት አስመጣ። ማሰሪያ ቦታ ሲጠፋ ዓለምሰገድ፣ «የምማርበት ኮሌጅ ጓሮው ሰፊ ነው» አለ። ምነው ያኔ ምላሱ በተቆረጠ።

በማግስቱ የኮሌጁ ኳስ ቡድን አምበል ከነሙክቱ ያዘው። ምንድን ነው ቢለው፣ ሊታረድ ነው ለማለት አፈረና፣ «እኛ አገር የዕድል በግ ነው» ብሎ ቀባጠረ። በዚያው ቅዳሜ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ የከረመው ቡድን አሸነፈ። በሚቀጥለውም ደገመ። ከዚያ ወዲያ ሙክቱ አንገቱ ላይ ቀይ ስካርፍ ተጠምጥሞለት፣ ሥዕሉ በቡድኑ ባንዲራ ላይ ተስሎ፣ ማን ይንካው። ዓለምሰገድ በጉን መልሱልኝ ሊል በየቀኑ ይሄዳል። መንገድ ለመንገድ የሚያማምር እንግሊዝኛ በልቡ ይደረድራል፤ አምበሉ ፊት ሲደርስ ግን «ጉድ ላክ» ብሎ ይመለሳል።

«ነገርካቸው?» አሉ እትዬ።

«ልነግራቸው ነው።»

«እስከ መቼ ነው ልነግራቸው ነው? አንተ ስታልም በጉ አርጅቶ ይሙት? በል ና ተርጉም።»

አምበሉን ጠሩት። «የሚታረድ በግ ነው በለው» አሉ። ዓለምሰገድን ላብ አጠመቀው፤ ቢሆንም ተረጎመ። አምበሉ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ዕድል ነው አላልከኝም?»

«ዋሽቼ ነው።»

አምበሉ ብዙ ተከራከረ፤ ሌላ በግ ልግዛላችሁ አለ።

«ለዛሬ ማታ ይደርሳል ወይ በለው።»

አይደርስም። በመጨረሻ ገመዱን ፈቶ ሰጣቸው። እሳቸውም፣ የእንግሊዝ በግ ላት የሚባል ባይኖረውም፣ ሽንጡን ጨበጥ አድርገው አዩት።

«እሰይ፤ ለሁላችን ይበቃል።»

ዓለምሰገድ ስንት ቀን አፍኖት የቆየውን ትንፋሽ ለቀቀ።

ተጫዋቾቹ ግን እየመጡ ሙክቱን መሰናበት ያዙ። አንዱ ግንባሩን አሸው፤ ሌላው ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ አበላው። በረኛው፣ ግንድ የሚያክል ጎረምሳ፣ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ፊቱን በበጉ ጠጉር ውስጥ ቀበረ፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር።

«ምን ሆነ ይሄ?»

«እያለቀሰ ነው።»

«ለበግ?»

«ለበግ።»

እትዬ አስካለማርያም በረኛውን ትክ ብለው አዩት።

«ይተዉት እትዬ፤ እንግሊዞች እንዲህ ናቸው» አለ ዓለምሰገድ። «አራጁ ደረጄ ቢላውን ስሎ እየጠበቀን ነው። በሉ እንሂድ።»

እሳቸው ገመዱን እጁ ላይ አኖሩለት። ነጠላቸውን አጣፉና ብቻቸውን ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አቀኑ።

«እትዬ፤ ወዴት ነው? በጉሳ?»

«ምስሬን ልሠራ ነው» አሉ ዘወር ሳይሉ። አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈሩ።