ሦስት ስፌት ወደ ኋላ

ጄኔራሉ አንድ ቀን እንኳ ወታደር ሆኖ አያውቅም። ሥራው የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነው። ግን ከቤት ቤት ሲዞር አረማመዱ የሰልፍ፣ ቆጣሪ ፊት ሲቆምም ደረቱን ነፍቶ ስለሆነ፣ ሰፈሩ አይቶ አይቶ ማዕረጉን በነጻ ሰጠው። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ማዕረጉ ከወትሮው ጨምሮ ነበር። የአባቱን ትልቅ ፎቶ በነጭ አንሶላ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ፣ መንገዱን ለብቻው ይዞ ይሄዳል። ጫማ ሰፊዋ ልጁ መዶሻና ሚስማር ይዛ ትከተለዋለች። ከሁሉም ኋላ እናቱ፣ ቤተሰቡም ሰፈሩም እማማ የሚላት አሮጊት፣ የእጅ ቦርሳዋን ጨምቃ ይዛ ትመጣለች።

"ይሄ ፎቶ የለመደው የኛን ግድግዳ ነው፤ ሌላ ግድግዳ አይስማማውም ብያለሁ" አለች እማማ ለአሥረኛ ጊዜ።

"እማዬ፣ ፎቶ ብርድ አይመታውም" አለ ጄኔራሉ ዞር እንኳ ሳይል።

ጫማ ሰፊዋ የአያቷ ነገር ግራ ገብቷታል። የሰፈሩ አዳራሽ አንደኛው ግድግዳ በጦርነቱ ጊዜ ለዘመቱ ሰዎች ተሰጥቷል። ቤተሰብ ከቤቱ የዘመተውን ሰው ፎቶ ያመጣል፣ ስሙን ያስጽፋል፣ ይሰቅላል። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ለሕዝብ ይከፈታል። እማማ በደስታ ትዘላለች ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰበብ ስትደረድር ሰነበተች። መጀመሪያ ጉልበቷን አመማት፤ ቀጥሎ ፍሬሙ ተሰንጥቋል አለች፤ በመጨረሻ ጥርት ያለውን ሰማይ ቀና ብላ አይታ ዝናብ ሊመጣ ነው አለች። የልጅ ልጇ ግን ጆሮ አልሰጠቻትም። እማማ ባሏ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ የሱን የጫማ ቤት ሃምሳ ዓመት ብቻዋን ወስፌ ይዛ ያቆመች ሴት ናት። የባሏን መቃብር አታውቀውም፤ የሚያውቅም የለም። አሁን ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ስሙን አንድ ቦታ፣ ሕዝብ ፊት ተጽፎ ሳታይ እንዳትሞትብኝ፤ የጫማ ሰፊዋ ጭንቀት ይኸው ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ቲቸር ጠበቀቻቸው። ቲቸር የሰፈሩን ግማሽ ሒሳብ ያስተማረች፣ የቀረውን ግማሽ ያንበረከከች ጡረተኛ ናት። የግድግዳው ኃላፊነት ሲሰጣት ለሁለተኛ ጊዜ የተወለደች ያህል ነው የተደሰተችው።

"ደንቡ አጭር ነው። ፎቶ፣ ስም፣ መዝመቱን የሚያሳይ አንድ ማስረጃ። ማስረጃ የሌለው አይሰቀልም።"

"ማስረጃው ራሱ ፎቶው ነው!" ብሎ ጄኔራሉ አንሶላውን ገለጠው።

የወታደር ልብሱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ወፍራም ሪዝ ያለው፣ ቅንድቡን ያከፋ ሰው ዓለምን በሙሉ ተቆጥቶ ያፈጣል። ቲቸር ፎቶውን አየች፤ ጄኔራሉን አየች። ያው ሪዝ፣ ያው ቅንድብ፣ ያው ቁጣ።

"ቁርጥ አባትህን!" አለች።

ምን ያስገርማል? ሰውየው ሪዙን የሚያበጥረው በየማለዳው ፎቶው ፊት ቆሞ ነው። አባቱ ፎቶው ላይ ስለማይስቅ እሱም አይስቅም። ቀልድ ከመጣበት ደጅ ወጥቶ፣ ስሎ ስሎ ይመለሳል። ጫማ ሰፊዋ ሃያ ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር ጥርሱን በደንብ ያየችው የጥርስ ሐኪም ዘንድ የወሰደችው ቀን ብቻ ነው፤ ፍንጭት መሆኑንም ያወቀችው ያኔ ነው።

ጄኔራሉ ሚስማሩን መታ። ፎቶውን ሰቀለ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ወታደራዊ ሰላምታ ሊሰጥ እጁን አነሳ። እጁ ግንባሩ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ከሱ ፎቶ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ አዲስ ፍሬም ውስጥ፣ ያው ሰው ተሰቅሏል። ያው ሪዝ። ያው ቁጣ።

"ማነው አባቴን እዚህ የሰቀለው?" ብሎ ጮኸ።

"እኔ" አለ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው፣ ጥግ ካለው ጠረጴዛ እየተነሳ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነበር። "አባቴ ስለሆነ።"

"የማን አባት?"

"የኔ።"

"የኔ እንጂ!"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የኔ ነው።"

ቲቸር መሃላቸው ገባች። "ሁለታችሁም እውነት የምትናገሩ ከሆነ ወንድማማቾች ናችሁ ማለት ነው። ተቃቀፉ።"

በየጥጉ ፎቶ የሚሰቅለው ሁሉ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። ባለመድኃኒት ቤቱ ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። ከኪሱ ፎቶዎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሪዛሙ ሰውዬ ሙሽራ ሆኖ፤ ሪዛሙ ሰውዬ ልጅ ታቅፎ፤ ሪዛሙ ሰውዬ ሸምግሎ፣ ጸጉሩ አልቆ፣ ሪዙ ብቻ ቀርቶ። "ከጦርነቱ ተመልሶ ሠላሳ ዓመት አብሮን ኖሯል" አለ። ጫማ ሰፊዋን ላብ አጠመቃት። በሰፈሩ ፊት የሰው አባት ሰርቀው የተያዙ ያህል ተሰማት።

ያኔ ከኋላቸው የሆነ ድምፅ መጣ። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን አፏ ላይ ደቅና፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጫማ ሰፊዋ የምታለቅስ መስሏት ሮጠች። እማማ እየሳቀች ነበር።

"ሰውዬው እውነቱን ነው" አለች፣ ትንፋሽ ሲመለስላት። "ያ ባሌ አይደለም።"

"ምን?" አለ ጄኔራሉ።

እማማ ቦርሳዋን ከፈተች። ከውስጥ አንድ ያረጀ ትንሽ ፎቶ አወጣች፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠፍቷል ስትል የኖረችውን። ስድስት ወታደሮች መኪና ተደግፈው ቆመዋል። አራተኛው ሪዛሙ ነው። ሦስተኛው ግን ፊት የለውም። ፎቶው ሲነሳ ተነቃንቆ መልኩ እንደ ጭስ ተኗል፤ የሚታየው ፈገግ ያለ የጥርስ ረድፍ ብቻ ነው፣ መሃሉ ክፍት የሆነ።

"ባሌ ይሄ ነው። አትንቀሳቀስ ሲሉት ሳቅ የሚመጣበት ሰው ነበር፤ ሠርጋችን ላይም እንዲሁ ነው ያዋረደኝ። ይሄን ላከልኝ። እሱን አሳድግልኝ ብዬ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ባለ ፎቶ ቤቱ 'መቼም ይሄን ደብዛዛ አይደለም ያሉት' ብሎ ከጎኑ የቆመውን ጎረቤቱን አሳድጎ ሰጠኝ። ልመልሰው ጫማዬን ሳጠልቅ፣ ይሄ" ወደ ጄኔራሉ ጠቆመች "የሦስት ዓመት ልጅ ነው፣ ሄዶ ፎቶው ፊት ቆመና 'አባዬ፣ ደህና አደርክ?' አለው። ምን ልበለው? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።"

"ነገው ሃምሳ ዓመት ፈጀ?" አለች ቲቸር።

"ሒሳብ ላይ ጎበዝ አልነበርኩም" አለች እማማ።

ጄኔራሉ ሪዙን በሁለት ጣቱ ያዘ። "ታዲያ ይሄ የማን ነው?"

ባለመድኃኒት ቤቱ አሰበ። "ያው የአባቴ ነው። ግን ይዘውት ይቆዩ፤ ግድ የለም" አለ በትሕትና።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጄኔራሉ ብቻ ሊስል ደጅ ወጣ። ሲመለስ ቲቸር ሰዓቷን እያየች ነበር፤ አምስት ተኩል። ጄኔራሉ ያመጣውን ሪዛም ራሷ አወረደችውና ትንሹን ፎቶ አነሳች።

"ይሄንን እንዴት ልስቀለው? ፊት የለውም። ባልዎ ይሄኛው ለመሆኑ ማነው የሚመሰክር?"

"እኔ ነኛ" አለች እማማ።

"እርስዎ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ሰቅለው ባሌ ነው ሲሉ ኖረዋል።"

የእማማ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ፤ ፎቶውን ከቲቸር እጅ ተቀብላ በጣቷ ጠረገችው። ጫማ ሰፊዋ አያቷን በራሷ እጅ ጎትታ አምጥታ ባሏን ጨርሶ ልታሳጣት ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፣ ማስረጃ የለም፣ ስሙም አይጻፍም።

ጫማ ሰፊዋ ሲጨንቃት ዓይኗ ጫማ ይፈልጋል፤ የሥራ ልማድ ነው። ጠረጴዛው ላይ የባለመድኃኒት ቤቱ አባት ማስረጃ ተቀምጧል፦ አንድ ጥንድ ያረጀ የወታደር ቦት ጫማ። የቀኙ ሶል አንድ ጊዜ ተቀይሯል። የቀየረው እጅ ችኩል አልነበረም። ጠጋ አለች።

"ላንሳው?"

"በቀስታ" አለ ባለመድኃኒት ቤቱ።

ጣቷን ወደ ውስጥ ሰድዳ ተረከዙ ላይ ያለውን ንጣፍ ቆዳ ገለጥ አደረገችው። ከዚያ "እማማ!" ብላ ስትጮህ አንድ ሰውዬ ሚስማር ጣለ።

በነሱ የጫማ ቤት የሶል ስፌት ተረከዝ ላይ ሲደርስ ክሩ ተቋጥሮ አይቆረጥም። ሦስት ስፌት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ። ሌላ ጫማ ሰፊ ይሄን ቢያይ በክር ብክነት ይሳለቃል። ጫማ ሰፊዋ ስትማር እማማ ስንት ጊዜ አስፈትታታለች! "አያትሽ እየሳቀ ስለሚሰፋ ክሩ ይላላበታል፤ ስለዚህ ሦስቴ ተመልሶ ያጠብቀዋል" ትላት ነበር። እንዲህ የሚሰፋ ሌላ ቤት የለም።

እማማ ቦቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው።

"የናንተ ቤት ስፌት ለመሆኑስ?" አለች ቲቸር።

"ቲቸር፣ ጫማዎን ያውልቁ።"

"እኔ?"

"የቀኙን። ባለፈው ወር ሶሉን የቀየርኩልዎ እኔ ነኝ።"

ቲቸር ተቃውሞ ልታሰማ አፏን ከፈተች፤ ግን ማስረጃ ማስረጃ ነው። የጄኔራሉን ትከሻ ይዛ በአንድ እግሯ ቆመችና ጫማዋን አቀበለች። ቦቱና የቲቸር ጫማ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ንጣፋቸው ተገለጠ፤ ሦስት ስፌት፣ ሦስት ስፌት። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ቲቸር በአንድ እግሯ እየዘለለች ከቦርሳዋ ማስመሪያ አወጣች፤ ለካች፤ ደግማ ለካች።

"እኩል ነው" አለች።

ባለመድኃኒት ቤቱ መነጽሩን አወለቀ። "አባቴ ይሄን ጫማ ማንም እንዲነካው አይፈልግም ነበር። 'ሳቂታው ነው የሰፋልኝ' ይላል። 'ቦንብ እየወረደ እየሳቀ ይሰፋል፤ እሱ እያለ ከኛ መሃል በባዶ እግሩ የሄደ አልነበረም' ይላል። ሳቂታው ማን እንደሆነ እኛ ቤት የሚያውቅ ሰው የለም።"

"እየሳቀ?" አለች እማማ። "እዚያም ሆኖ?"

"እዚያም ሆኖ።"

እማማ ሳቀች፤ አለቀሰች፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት የሚችል አልነበረም። ጫማ ሰፊዋም ደስታ አናቷ ላይ ወጥቶ ቲቸርን አቅፋ አዞረቻት፤ ቲቸርን ያቀፈ ተማሪ እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ትንሹ ፎቶ ከሪዛሙ ጎን ተሰቀለ፤ ያኔም ጎን ለጎን ነበሩ። ቲቸር ስሙን በራሷ እጅ ጻፈች፤ ከስሙ ሥር "ጫማ ሰፊ" ብላ ጨመረች። እማማ መጀመሪያ ሪዛሙ ፊት ቆመች።

"አንተ ጎረቤት፣ ይቅር በለኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ 'ለባሌ ንገርልኝ' እያልኩ አድክሜሃለሁ። ልጁ ቆሞ ሲሄድ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ይቺ ስትወለድ፣ ሁሉንም ባንተ ነው የላኩት። አጠገቡ የቆምከው አንተ ስለነበርክ ነው።" ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለች፣ ወደ ደብዛዛው። "ከዛሬ ጀምሮ ራሴ ነኝ የምነግርህ። አንተም እስቲ አንዴ እንኳ ሳትነቃነቅ ስማኝ!"

ጄኔራሉ ቀረበ። አፍንጫው ፎቶውን ሊነካ ደረሰ። የሚመስለው ሪዝ የለም፣ የሚያከፋው ቅንድብ የለም። ጥርስ ብቻ። ምላሱን የራሱ ጥርስ ላይ ሲያንቀሳቅስ ልጁ አየችው።

"ፍንጭት ነው" አለ።

"አዎ። ያንተስ ከማን የመጣ መስሎህ ነበር?" አለች እማማ።

ጄኔራሉ ዞሮ ወደ በሩ አመራ፤ ሊስል። ጫማ ሰፊዋ እጅጌውን ያዘችው።

"አባዬ፣ ዛሬ እዚሁ ይሁን።"

መጀመሪያ ሳል ነበር። ቀጥሎ ስቅታ መሰለ። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ታፍኖ የቆየው ወጣ፤ ከዚያ ሁሉ ደረት የማይጠበቅ ቀጭን፣ የሚንተከተክ ሳቅ። ሪዙ ወደ ላይ ተነሳ፣ ፍንጭቱ ታየ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንኳ መቆም አቃተው። ጫማ ሰፊዋ አባቷን እንዲህ አይታው አታውቅም፤ እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። እማማ የባለመድኃኒት ቤቱን ክንድ ጨመደደችው።

"እሱን ነው! ድምፁ ራሱ!"

ስድስት ሰዓት ሆኖ በሩ ተከፈተ። ሕዝቡ አበባ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገባ። ጄኔራሉን ወለል ላይ ተቀምጦ ሲንከተከት አገኘው። አጠገቡ ቲቸር በአንድ ጫማ ቆማ፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ ደብዛዛውን ፎቶ ታያለች።

"ቁርጥ አባቱን" አለች።