ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ

ሚስቴ ሊንዳልቫ በአስር ሰዓቱ አውቶብስ እህቷ ዘንድ ፔትሮሊና ከተማ ልትሄድ ነው። "የመልስ ትኬት አልቆረጥኩም" ያለችኝ ዛሬ ጠዋት ነው። አሁን ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ሆኗል። እኔ ደግሞ ጣራዋ ላይ አራት ድምፅ ማጉያ የተሸከመች ሮዝ መኪናዬን የገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ አቁሜ፣ ማይክሮፎን ጨብጬ ቆሜያለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው። በካሩዋሩ ከተማ ሰው ሲያፈቅር፣ ወይም የበደላትን ሚስቱን ሲለማመጥ፣ እኔን ጄኒቫልን ይጠራል። ደጇ ላይ ቆሜ ዘፈን እለቃለሁ፣ ርችት እተኩሳለሁ፣ የልቡን ለሰፈሩ ሁሉ አነብለታለሁ። አስራ ዘጠኝ ዓመት! ስንቱን ያስታረቅኩ ሰው ነኝ መሰላችሁ። ሕጉንም አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሦስት ዘፈን ነው። ሦስተኛው አልቆ በሩ ካልተከፈተ አይከፈትም፤ ዕቃህን ሰብስበህ መሄድ ነው።

የመጀመሪያውን ለቀቅኩት። ሰፈሩ ወንበር ወንበሩን ይዞ ወጣ። ይሄ ሰፈር ደግሞ የሰው ፍቅር ሲሆን ድስቱን እሳት ላይ ትቶ ነው የሚሮጠው!

"ዛሬ ተረኛዋ ማናት?" አሉኝ አሮጊቷ ጎረቤታችን ዶና ዙሌይዴ፣ ወንበራቸውን ከሁሉ ፊት እያደላደሉ።

"የእኔዋ ናት፣ ዶና ዙሌይዴ።"

"ያንተዋ? ወይ ጉድ! ምን አድርገሃት ነው?"

ምን ብዬ ልንገራቸው? ጠዋት ያለችኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። "ከተማውን ሁሉ ንግሥቴ፣ ጨረቃዬ ስትል ትውላለህ። እኔ ዘንድ ስትመጣ ጉሮሮህ አልቋል። ሸሚዜ የታለ? እራት ደረሰ? የእኔ ድርሻ ይቺው ናት። ትራፊ ድምፅ ሰለቸኝ፣ ጄኒቫል!" እውነቷን ነው። ቤት ስገባ አንገቴን በፎጣ ጠምጥሜ "እም" ነው መልሴ። ድምፄን ለነገ ልቆጥብ ብዬ!

ዘፈኑ ሲያልቅ ማይኩን አነሳሁ። "ሊንዳልቫ! የቀኔ ፀሐይ፣ የሌሊቴ ጨረቃ..."

"...ያላንቺ ቤቴ ምድረ በዳ!" ብሎ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ጨረሰልኝ። ሳቁ ቀለጠ።

"ኧረ ይሄማ የኔ ነው!" ብላ ጮኸች ፀጉር ሠሪዋ ኤድኒር። "ቃል በቃል ባሌ የላከልኝ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ለሚስትህ እንኳን አዲስ አጣህላት?"

"እንዳትከፍችለት ሊንዳልቫ!" አለ አንዱ ከወዲያ ማዶ። "ትንሽ ይቀቀል!"

ሁለተኛውን ዘፈን ለቅቄ ወረቀቶቼን አገላበጥኩ። ሁሉም የሰው ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ካነበብኩት ቃል ለእሷ የተረፈ አንድም የለም። ርችቱን ተኮስኩ፤ የሰፈሩ ውሻ ጮኸ እንጂ በሩ ንቅንቅ አላለም። ከመጋረጃው ጀርባ ጥላዋን አየሁት። ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች። ጫማዋን ልታጠልቅ ይሆን?

ዘጠኝ ሰዓት ከአስር። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር ሳቁ ቆመ። ሕጉን እነሱም ያውቁታል። ዶና ዙሌይዴ መቁጠሪያቸውን አወጡ። ያቺ ምላሰኛ ኤድኒር እንኳን "ክፈችለት እንጂ፣ በእናትሽ" ማለት ጀመረች። ስንቱን ወንድ እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ አይቼዋለሁ! "አይዞህ" እለው ነበር። አይዞህ ምን ዋጋ አለው!

ዘፈኑ አለቀ። በሩ ዝግ ነው።

ማይኩን አፌ ላይ ባደርግ ድምፅ የለም። ጭራሽ። ወረወርኩትና ሄጄ ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። ከጉሮሮዬ የወጣችው ሹክሹክታ ብቻ ነበረች።

"ሊንዳ፣ ፈርቻለሁ" አልኳት። "ማታ ማታ በሩ መቆለፉን ልታዪ ሁለቴ ትነሺ የለ? የተኛሁ መስዬ እጠብቅሻለሁ። ተመልሰሽ ጎኔ እስክትሆኚ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ነግሬሽ አላውቅም። ከእንግዲህ ማን..." ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቃችሁ።

"ምን አላት? ኧረ አልሰማንም!" ይላሉ ዶና ዙሌይዴ ከኋላዬ።

በሩ ተከፈተ። ሰፈሩ "እሰይ!" ሊል አፉን ከፍቶ ባለበት ቀረ። ሻንጣዋን ይዛለች። አንዴ አየችኝና አልፋኝ ሄደች፤ ሻንጣውን ከኋላ ወርውራ ሮዟ መኪና ውስጥ ገባች።

"መናኸሪያ አድርሰኝ" አለችኝ። "እስክንደርስ የጀመርከውን ጨርስ። ያለ ማይክ።"

ነዳሁ። በዚያች በታፈነች ድምፄ ነገርኳት። ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ የተሳልኩትን ስለት፣ ከጎረቤት ጋር ስትስቅ አጥሩ ስር ቆሜ የማዳምጣትን፣ ሳላመሰግናት የበላሁትን ሁሉ። መናኸሪያው በግራ በኩል ታየ። የፔትሮሊና አውቶብስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ አፌም ተያዘ።

ሊንዳልቫ አውቶብሱን አየችው። ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

"ለምን ዝም አልክ?" አለችኝ። "ገና አልጨረስክም እኮ። ንዳ።"