የምሰሶው ወዲያኛው ጎን

ባሂራ ምሰሶውን ስትደገፍ ጀርባዋን በረዳት። እንጨቱ ያው የድሮው ጽድ ነው። የቡታጅራን አሮጌ የገበያ አዳራሽ ያደሱት ሰዎች ጣሪያውን በአዲስ ቆርቆሮ ሲለውጡ፣ የፈረሰውን ግድግዳ በድንጋይ ሲያቆሙ፣ ምሰሶዎቹን ግን አጽድተው ዘይት ብቻ ቀብተዋቸዋል። የእሷ ጀርባ ያለሰለሰው ቦታ እንኳ አልጠፋም። ባዶ የሆነው ወዲያኛው ጎን ነው።

እዚያ ቆጮ ሻጯ አልማዝ ትቀመጥ ነበር። አልማዝ ለአንድ ገዢ «የባሂራ ቅቤ የሰነበተ ነው» ብላለች ተባለና ተኳረፉ። ጀርባ ለጀርባ አንድ ምሰሶ ተደግፈው፣ ቃል ሳይለዋወጡ ዓመታት አለፉ። ሆኖም ባሂራ ለሶላት ስትነሳ እንጨቱን ሁለቴ ታንኳኳ ነበር፤ አልማዝም ሳትዞር ቅቤዋን ትጠብቅላት ነበር። አልማዝ ዝርዝር ፍለጋ ስትሄድም እንዲሁ ነበር። ኩርፊያው ይህን አልነካውም።

እድሳቱ ሲጀመር ሁሉም በየፊናው ተበተነ። ባሂራ መናኸሪያው አጥር ስር ስትሸጥ ከረመች። ለሶላት ስትነሳ ቅቤዋን ተሸክማ ነበር የምትሄደው።

ዛሬ አዳራሹ ሲከፈት፣ ቦታ የሚያድለው ናጃህ በሩ አጠገብ ባለመስታወት ሱቅ ሊሰጣት ፈለገ። ምሰሶዬ ይሻለኛል አለችው።

«እትዬ ባሂራ፣ ሰው ለመስታወት ይጋፋል፣ እርስዎ እንጨት ያቅፋሉ» ብሎ ሳቀ።

ስለ ወዲያኛው ጎን እንደ ዘበት ጠየቀችው። አልማዝ ታማ ወልቂጤ ልጇ ጋ መግባቷን ሰምቷል። እስከ ቀትር ካልመጣች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ባሂራ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች፣ በሩን ስታይ አረፈደች። አንዲት ደንበኛ ቅቤ ከገዛች በኋላ እንደ ልማዷ ምሰሶውን ዞረችና ተመለሰች። የቆጮዋ ሴትዮስ ብላ ጠየቀቻት። ባሂራ ያልሰማች መሰለች።

ቀትር ላይ ናጃህ፣ የፕላስቲክ ጫማ በጆንያ የተሸከመች ሩፋይዳ የምትባል ወጣት አስከትሎ መጣ። ልጅቷ አሰላሙ ዓለይኩም ብላ ከምሰሶው ወዲያኛው ጎን ጆንያዋን ልታወርድ ጎንበስ አለች።

«ሰው አለበት» አለች ባሂራ።

ናጃህ ባዶውን ወለል አየ። «ማን?»

ይህን ስም ከጠራች ስንት ጊዜዋ ነው።

«አልማዝ።»

ናጃህ ለዛሬ ይቆይ ብሎ ልጅቷን ወደ ሌላ ረድፍ ይዟት ሄደ።

የዙሁር ሶላት አዛን ተሰማ። ባሂራ ቅቤዋን በቅጠል ሸፈነችና ተነሳች። እጇ እንጨቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ሁለቴ አንኳኳች። ከዚያ ቅቤዋን እዚያው ትታ፣ ዞር ብላ ሳታይ ሄደች።