ትክክለኛውን ዲስክ ያስገቡ

ወንዳወቅ ስመኘውን ሌባ ያለው በኮምፒውተር ምስክርነት ነው። ኮምፒውተር አይዋሽም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚህ እምነቱ ነው።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን ጌም ቤት የከፈቷት ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ መደርደሪያ ዲስክ ነበር ሀብታቸው። ጨዋታዎቹ ዲስኩ ካልገባ አይነሱም። ኋላ ስመኘው ከቡሬ አገባና እዚያው የራሱን ቤት ከፈተ። ሲለያዩ በፍቅር ነበር። እንዲያውም የወንዳወቅ ሚስት አምለሰት ነፍሰ ጡር ስለነበረች፣ ወንድ ከተወለደ ክርስትና የሚያነሳው ስመኘው እንዲሆን ተነጋግረው ተቃቀፉ። አበልጅ መሆን በእነሱ አገር እንደ ሥጋ ዝምድና ነው፤ አንዴ ከታሰረ የሚፈታው የለም።

ልጁ ተወልዶ አራስ ቤቱ ደስ ባለው ሰሞን የኳሱ ጨዋታ አልነሳ አለ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ "ትክክለኛውን ዲስክ ያስገቡ" ይላል። ወንዳወቅ ዲስኩን አወጣና እፍ ብሎበት መለሰው። ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ያው ነው። በመጨረሻ ዲስኩን ትቶ ጽሑፉ ላይ ያፈጥ ጀመር። ይሄኛው ትክክለኛው ካልሆነ፣ ትክክለኛውን ማን ወሰደው?

ስመኘው ቅዳሜ ለገበያ በመጣ ቁጥር ጎራ ይላል። ዲስኮቹን ያገላብጣል፣ ወንዳወቅ ምሳ ሲሄድም ቤቱን ይጠብቅለታል። ይህ ሁሉ እስከ ትናንት ወንድምነት ነበር። አሁን ግን ሲስቅ ምን አስደሰተው፣ ሲቸኩል ምን ይዞ ነው ያሰኘው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጠው፣ ወንዳወቅ ሆዬ ስለዚያ ስልክ ሲያብሰለስል ሰነበተ።

"እማየ፣ እዚህ ቤት የሰው እጅ አለበት" አላቸው ለእናቱ ለወይዘሮ ባንቺአየሁ። ማለዳ ማለዳ ጌም ቤቱን የሚጠርጉለት እሳቸው ናቸው።

"እኔስ ድሮም ዓይኑን ነበር የፈራሁት ልጄ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ባሰበት። የመኪና እሽቅድምድሙ ቆመ፣ ቀጥሎ ቦክሱ ቆመ፣ ሁሉም ያንኑ ጽሑፍ ያወጣሉ። ወንዳወቅ ስመኘው እውነተኞቹን ዲስኮች ወስዶ በየፈንታቸው ኮፒ እየተካ ነው ብሎ ቆረጠ። የክርስትናው ቀን ሲደርስም ወደ ቡሬ አልደወለም፤ ጎረቤቱን አያ ላቀውን ለመናቸውና ልጁን እሳቸው አነሱት።

"ስመኘውን ግን ጠይቀኸዋል?" አለችው አምለሰት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ።

"ሌባ ይጠየቃል?" አላት።

የቀረው እጅ ከፍንጅ መያዝ ብቻ ነበር። በማግስቱ አንዱን ዲስክ በኪሱ ይዞ ቡሬ ወረደ። ስመኘው እንዳየው ከመቀመጫው ዘሎ አቀፈው። ወንዳወቅ እየታቀፈ ከትከሻው በላይ መደርደሪያውን ይቃኛል። የራሱን የመሰሉ ሽፋኖች አየና ያዝሁት አለ በልቡ። ሁለቱም ከአንድ ባሕር ዳር ሱቅ መግዛታቸውን ጥርጣሬው አስረስቶታል።

"ይሄ ዲስክ እኔ ጋ እምቢ አለኝ" አለ ፊት ፊቱን እያየ።

"ዲስኩ ይሁን ማሽኑ መጀመሪያ ይለይ" አለ ስመኘው። የራሱን የኳስ ዲስክ አስገባ፤ ወዲያው ተነሳ። የወንዳወቅን አስገባ፤ ትክክለኛውን ዲስክ ያስገቡ አለ።

"አየህ፣ ትክክለኛው አይደለም ይላል" አለ ወንዳወቅ።

"ማንበብ ሲያቅተውም የሚለው ይሄንኑ ነው።" ስመኘው ዲስኩን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው። ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት ሞልቶታል፤ መሐሉ ላይ ግራጫ ዱቄት ተለጥፏል። በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተውና አማተበ። "ኧረ ይሄስ የቤተ ክርስቲያን እምነት ነው። የተባረከ አመድ ማን ዲስክ ላይ ቀባ?"

ወንዳወቅ እናቱ ከግሽ ዓባይ ያመጡት እምነት አንገታቸው ላይ በጨርቅ ተቋጥሮ እንደሚውል ያውቃል። ስልኩን አወጣ።

"እማየ፣ ዲስኮቹን ነክተዋቸዋል እንዴ?"

"ኧረ በየማለዳው ነው ልጄ። የሰው እጅ አለበት አላልኸኝም? በእምነቱ እያዞርሁ አሸት አሸት አድርጌ እመልሳቸዋለሁ። ምነው፣ ለቀቀው?"

"ለቀቀው እማየ" ብሎ ዘጋው።

"መጀመሪያ የቆመው ግን መቼ ነው?" አለ ስመኘው።

"ያ ንፋስ የነበረ ሰሞን።"

"እንግዲያ እሱ አቧራ ነበር። ዲስኩን የሚያነበውን ሌንስ ጠርገኸዋል?"

ወንዳወቅ አልጠረገውም። ሰው ሲጠረጥር ጊዜ አላገኘም።

ስመኘው ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር እየጠረገ፣ "ልጁስ እንዴት ነው?" አለ። "ቀኑን እየቆጠርሁ ነበር። ሰሞኑን ለገበያ ሳልመጣ ቀርቼ አንተም ድምፅህ ሲጠፋ ሕፃኑ ታሞ ቢሆን ነው አልሁ። ልደውል ስልኩን አነሳውና ክፉ እንዳልሰማ ፈርቼ አስቀምጠዋለሁ።" ከጠረጴዛው ሥር ጥልፍ ያለበት ትንሽ ነጭ ቀሚስ አወጣ። "የክርስትና ልብሱን አሰፍቼለታለሁ።"

ወንዳወቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

"ልጁ ትናንት ክርስትና ተነሳ" አለ።

"ማን አነሳው?"

"አያ ላቀው።"

"ምነው?"

"አንተ ሌባ መስለኸኝ።"

ስመኘው መጥረጉን አላቆመም። ዲስኩን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው፣ እንደገና ጠረገው፣ ከዚያ ሽፋኑ ውስጥ ከተተው። ወንዳወቅ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሊይዝ ሲል በትከሻው ደግፎ መለሰው።

"ተው። እኔስ ይቅር እልሃለሁ፤ ዛሬ ባይሆን ሲውል ሲያድር እልሃለሁ" አለ። "ልጁን ግን ከአያ ላቀው አትቀማልኝም።"

ቀሚሷን አጣጥፎ ከዲስኩ ጋር በአንድ ፌስታል አደረገለትና፣ እናቱን እንዳይቆጣቸው አደራ ብሎ እስከ በሩ ሸኘው።