የቦይለር ክፍሉ ፊልም አንባቢ

በሱዳኗ አትባራ ባቡር መጠገኛ ውስጥ የቁርስ ፊሽካ የሚነፋው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ መዶሻ ሁሉ ጸጥ ይላል። የቦይለር ክፍል ሰዎች እጃቸውን በአሸዋ ፈትገው ይታጠቡና በአንድ ትልቅ ትሪ ዙሪያ ቁጢጥ ይላሉ። ፉሉ በሰሊጥ ዘይት ርሶ፣ ሽንኩርት ተነስንሶበት ይመጣል። ሲኒማ ቤቱ የህንድ ፊልም የሚያሳየው ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሆነ፣ ረቡዕ ጠዋት ከዳቦው ቀድሞ የሚቆረሰው ፊልሙ ነው።

የቦይለር ሰው መንሾካሾክ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን በብረት ጋን ሆድ ውስጥ ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው፣ «ጨው አቀብለኝ» ሲል እንኳ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። የዚያን ረቡዕም ጩኸቱ እስከ አናጢዎቹ ክፍል ድረስ ይደርስ ነበር።

«ያ ሸማኔ፣ አባት ተብዬው፣ አባት አይደለም፣ ትራስ ነው!» አለ ድፈላህ፣ የክፍሉ ነገረኛ። «ልጅቱ ረግጣው ሄደች፤ ሲደክማት ተመልሳ ተደገፈችው። ወላሂ እኔ ብሆን በሩን ብቻ ሳይሆን መስኮቱንም በሚስማር እመታው ነበር።»

«አንተማ ሚስትህ ስትቆጣ በየትኛው መስኮት እንደምትወጣ እናውቃለን» አለው ከማዶ አንዱ።

«የኔን ቤት ተወው፤ ስለ ፊልም ነው የምናወራው። ደግሞስ ያ ጀልባ ቀዛፊ ምን ቀዛፊ ነው? እንደ ወጥ እኮ ነው የሚያማስለው! አባይ ላይ ብናወርደው ቀትር ሳይሆን ግብፅ ይገኛል።»

«እስከ እረፍቱ ድረስ ደህና ነበር» አለ ሌላው። «ከእረፍት በኋላ ዘፈን አበዙበት። ሰው በአባቱ ደጅ ቆሞ፣ ፀሐይ እያቃጠለው ሦስት ዘፈን ይዘፍናል?»

ባቢክር እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። አርባ አምስት ዓመቱ ነው። ከሁሉ ዝምተኛው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ማክሰኞ ማታ ግን የሁሉም አንደበት እሱ ነው። ፊልሙ የህንድ ሆኖ ጽሑፉ ከስር በዓረብኛ ሲያልፍ፣ የመዶሻ ሰዎቹ ማንበብ አያውቁም። ባቢክር ፊደል የለየው ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም፤ በቁርኣኑና በባቡር ፉርጎ ላይ በተጻፈው ነው። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ አንድ ረድፍ ይዞ ይቀመጣል፤ እሱ መካከል ሆኖ፣ ለጆሯቸው እንዲደርስ እየጮኸ ያነብላቸዋል። ሌላው ተመልካች መጀመሪያ ላይ «ኧረ ዝም በሉ፣ እናንተ ቦይለሮች!» እያለ የጠርሙስ ክዳን ይወረውርባቸው ነበር። በኋላ ግን ማንበብ የማይችለው ሁሉ እየተጠጋ መጥቶ ዙሪያቸውን ይቀመጥ ጀመር።

ትሪው ሊያልቅ ሲል ሃጅ ዘሩቅ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሃጅ የክፍሉ አንጋፋ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፊልም ሲያዩ ስለ ሰዎቹ አስተያየት ሰጥተው አያውቁም፤ የሚናገሩት ስለ እንስሳቱ ብቻ ነው። «ፈረሱ ደህና ነው፣ ግን ኮርቻው ይጎዳዋል» ይሉና ይነሳሉ። ስለዚህ ሁሉም ዛሬ ስለ ሸማኔው በሬ ሊናገሩ ነው ብሎ ጠበቀ።

«አባትየው ልክ ነው» አሉ ሃጅ።

ትሪው ዙሪያ ያለው እጅ ሁሉ ቆመ። ነገሩን የማያውቅ አልነበረም። ሃጅ ዘሩቅ ልጃቸውን ኢኽላስን ለወንድማቸው ልጅ ሊድሩ ቃል ሰጥተው ነበር። ልጅቱ በእናቷ ወንድም አማካይነት ሌላ ሰው አገባችና ወደ በርበር ሄደች። በርበር በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም፤ ሃጅ ግን አራት ዓመት ሙሉ ስሟን አልጠሩም። ልጅ መውለዷን የነገራቸውንም ሰው «ስለ ማን ነው የምታወራው?» ብለው አሳፍረውታል።

«ባቢክር» አሉ። «በሩ ላይ የተናገረውን እስቲ ድገምልኝ።»

ባቢክር የቆረሰውን ዳቦ ትሪው ላይ መለሰ። «የቱን፣ ሃጅ?»

«ስለ ቁጣ ያለውን።»

ሁሉም ያየዋል። ማምለጫ የለውም። «ልጄ ሆይ» አለ ቀስ ብሎ፤ ቀስ ሲል ስላልተሰማ እንደገና ጮኸ። «ልጄ ሆይ፣ ቁጣዬን ነገም አገኘዋለሁ፤ አንቺን ግን ነገ ላላገኝሽ እችላለሁ። ግቢ!»

«እሱን ነው» አሉ ሃጅ። «ዓርብ በርበር እሄዳለሁ።» ተነስተው ወደ መዶሻቸው ሄዱ።

ባቢክር ግን ትሪው አጠገብ ቀረ። ያን ቃል ፊልሙ አልተናገረውም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሸማኔው ግቢ ውስጥ ነጭ ሸማ ተሰጥቶ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። አባትና ልጅ በሩ ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ ከስር የሚያልፈው ጽሑፍ ደግሞ ነጭ ነው። ነጩ ፊደል በነጩ ሸማ ላይ እንደ ጨው ሟሟ። አባትየው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ልጅቱ ታለቅሳለች። ረድፉ በሙሉ «አንብብ እንጂ፣ ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ምን አለ? ምን አለ?» ብሎ አናቱ ላይ ወጣበት። ሃጅ ዘሩቅ እንኳ ክርኑን ጨብጠውት ነበር። ባቢክር «አልታየኝም» ማለት አፈረ። አፉን ሲከፍት ያ ነገር ወጣ። ከየት እንደወጣ እሱም አያውቅም። ከዚያ አባትየው በሩን ክፍት ትቶ ገባ፤ ልጅቱም ተከትላ ገባች፤ ውሃ ጠጣች። ቃሉ ልክ ገጠመ፤ በኋላ ስትወጣም ታርቃ ወደ ቤቷ የተመለሰች መሰላቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሐሙስ ጠዋት ሃጅ የጉዞ ፈቃድ ወረቀታቸውን ለማስፈረም ቢሮ እንደሄዱ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ሙርታዳ ኤፈንዲ ወደ ትሪው መጣ። ካርቱም የተማረ፣ ሱሪው የተተኮሰ ሰው ነው፤ ፉል ግን ከቦይለሮች ጋር መብላት ይወዳል።

«ሰማሁ፣ ፊልሙን ወደዳችሁት አሉ» አለ። «እኔ ካርቱም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እዚያ ጽሑፉ ጥቁር መደብ ስላለው ጥርት ብሎ ይነበባል። ያ የበሩ ቃል አይገርምም? እንዴት ያለ ጨካኝ ነው!»

«ምን ጭካኔ አለው?» አለ ድፈላህ። «እንደ ቅቤ የቀለጠ ሽማግሌ።»

«የቱ ነው የቀለጠው? ‹ልጄ ሞታለች። እንግዳ ከሆንሽ እንግዳ አይመለስም፤ ውሃሽን ጠጥተሽ ሂጂ› ነው እኮ ያላት። ለዚህ አይደል እሷ ጠጥታ የወጣችው፣ እሱም በጸጸት አልጋ ላይ የወደቀው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ባቢክር ዞረ። ባቢክር አንገቱን ደፋ፤ ያም በቂ መልስ ነበር።

«ያ አላህ!» አለ ድፈላህ፤ ቀጥሎም በሳቅ ወደቀ። «አንድ ዓመት ሙሉ የማን ፊልም ስናይ ነው የከረምነው? የህንዱን ወይስ የባቢክርን?»

«ያን አንዱን ቃል ብቻ ነው የፈጠርኩት» አለ ባቢክር። «ለሃጅ ልነግራቸው ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። «አብደሃል?» አለ ድፈላህ፣ ትሪውን ገፍቶ። «አራት ዓመት የተዘጋ በር ሊከፈት ነው። ከነገርካቸው በልጅቱ ላይ በሩን ዳግመኛ የምትዘጋው አንተ ነህ። ሁለት ሰው ለማስታረቅ የዋሸ ውሸታም አይባልም፤ ይሄን እኔ ለአንተ ልንገርህ? አንተ አይደለህ የክፍሉ ሼኽ?»

«ልክ ነህ፣ አይባልም» አለ ባቢክር። «እኔ ግን ለማስታረቅ አልዋሸሁም። እንዳላፍር ነው የዋሸሁት።»

ሙርታዳ ኤፈንዲ ዳቦውን ያፍተለትል ጀመር።

ያን ቀን ባቢክር ሲሰግድ፣ ግንባሩን ምንጣፍ ላይ አድርጎ ከሌላው ጊዜ አስረዝሞ ቆየ። የለመነው ድፍረት አልነበረም። «ጌታዬ፣ እውነቱን ተናግሬ ያንን በር ከምዘጋ አድነኝ» ነበር ያለው። ሲነሳ ልቡ ያው ከባድ ነበር፤ እግሩ ግን የት እንደሚሄድ አውቋል።

ዓርብ ጠዋት ሃጅ ዘሩቅ መድረኩ ላይ ነበሩ። ጀለቢያቸው በስታርች ደርቋል፤ ጥምጥማቸው አዲስ ነው። በአንድ እጃቸው የተምር ከረጢት፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ የልጅ ቀሚስ ይዘዋል። ባቡሩ እንፋሎቱን እየለቀቀ ቆሟል። ባቢክር እየሮጠ ደረሰ።

«ሃጅ፣ አንድ ነገር አለኝ» አለ በለሆሳስ።

«ምን?»

«የፊልሙ ነገር ነው።»

«ምን? ጮክ በል!»

ባቢክር ግራ ቀኙን አየ። ሻንጣ የተሸከሙ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ ሎሚ የሚሸጡ ሴቶች ሞልተዋል። ለቦይለር ሰው ግን ኃጢአትን በጆሮ መናገር የሚባል ነገር የለም። ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ።

«በሩ ላይ ያለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ጽሑፉ አልታየኝም! አፈርኩና ከራሴ ተናገርኩ! ይቅር ይበሉኝ!»

ሃጅ ተምሩን መሬት አስቀመጡና ከረጢቱ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው እንዳለፈው አራት ዓመት ሊዘጋ ሲጀምር ባቢክር አየው።

«ታዲያ አባትየው ምን አለ?»

«ሃጅ፣ እሱን እንኳ…»

«ምን አለ አልኩህ!»

«ልጄ ሞታለች!» ብሎ ጮኸ ባቢክር። «ልጄ ሞታለች ነው ያለው!»

ባቡሩ በዚያች ቅጽበት እንፋሎቱን አቁሞ ነበርና ቃሉ ከጣቢያው ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። ሎሚ ሻጯ ሴት ዘንቢሏን ጥላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መጣች። «ኢና ሊላሂ!» አለች። አንዲት አሮጊት ከኋላዋ ደረሱና የሃጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው እጃቸውን ያዙ።

«አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ። የስንት ዓመት ልጅ ነበረች? ልጆች አሏት?»

«ምስኪን! በጣቢያ ነው እንዴ መርዶ የሚነገረው?» አለ አንድ ወታደር፣ ባቢክርን በዓይኑ እየበላ።

«ስሟ ማን ነበር? በዱዓ እንድናስባት» አሉ አሮጊቷ።

ሃጅ ዘሩቅ አሮጊቷን አዩ፤ ወታደሩን አዩ፤ እጃቸውን የያዘውን እጅ አዩ። ከዚያ እንደ ምንጭ ፈንድተው ተነሱ።

«ማን ነው የሞተችው? አልሞተችም!» አሉ፤ በሕይወታቸው እንደዚያ ጮኸው አያውቁም። «ኢኽላስ አልሞተችም! በርበር ናት! ልጅ አላት! እሷ ጋ ነው የምሄደው!»

ሰው ሁሉ ባለበት ቀረ። ሎሚ ሻጯ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ እልል አለች። እልልታው ሴቶቹን ሁሉ ያዘ፤ ለምን እንደሆነ የማያውቁት ጭምር እልል አሉ። ሃጅ ተምራቸውን አንስተው ወደ ባቡሩ ሲያመሩ እያለቀሱ ነበር፤ ደረጃው ላይ ሆነው ዞር አሉ።

«ባቢክር!»

«አቤት ሃጅ!»

«የፈጠርከው ይሻላል» አሉ። «ግን እኔ እንዲያ ያለ ረዥም ነገር በር ላይ ቆሜ አልናገርም። ስሟን እጠራለሁ፤ በቃ።»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ባቢክር ያለ ቲኬት እንደሚሳፈር ሰው ጥቂት እርምጃ ሮጠና ቆመ። ወታደሩ ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ፤ አሮጊቷ ግን አሁንም ቆመው ያዩታል።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ «ሰውየው ምንህ ነው?»

«አለቃዬ ናቸው።»

«ይሄን ያህል የሚጮህ አለቃ ይስጠን!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት የባቡሩ ተቆጣጣሪ ወደ ቦይለር ክፍል ብቅ ብሎ፣ ሃጅ ዘሩቅ አምስት ቀን ፈቃድ እንዲጠየቅላቸው ማለታቸውን ተናገረ። በበርበር ጣቢያ በር ላይ አንድ ሕፃን ጥምጥማቸውን ይዞ ሲጎትት አይቷል።

«ከደጅ የተመለሰ ሰው አምስት ቀን አይጠይቅም» አለ ድፈላህና ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ጭሱ ነው» አለ፤ እሳቱ ግን ገና አልተቀጣጠለም ነበር።

ባቢክር ግን ጌታው የለመነውን ሰጥቶት ከዚያም የሚበልጥ እንደጨመረለት እያሰበ ቦይለሩ ጎን ተቀመጠ። አልሃምዱሊላህ አለ፤ አንዴ ብሎ አልበቃው ሲል ደገመው። ማንም ስላልሰማው፣ ለሦስተኛ ጊዜ በቦይለር ክፍል ድምጽ ጮክ ብሎ ተናገረው።