ከአጥር ማዶ የሰማኋት ጎል

በተከላካይነት ዘመኔ በእኔ በኩል ኳስ ቢያልፍ ሰው አያልፍም፤ ሰው ቢያልፍ ኳስ አያልፍም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ያለፉበት ቀን ካለ እኔ ታምሜ የተኛሁበት ነው። በአገራችን ከካውናስ እስከ ክላይፔዳ ያለ አጥቂ ሁሉ ቪድማንታስ የሚለውን ስሜን ሲሰማ ቁርጭምጭሚቱን ይዳብሳል። አንዱማ እኔን ሸሽቶ ቄስ ሆኗል። ዛሬም እሁድ እሁድ የሚባርከኝ ራቅ ብሎ ቆሞ ነው።

አሰልጣኝ ስሆን ያቃተኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መቀመጥ። ከተቀያሪዎች ወንበር ፊት ያለውን ሣር በመንጎራደድ ብዛት ድንች የሚተከልበት ቦይ አድርጌዋለሁ። አፌም እንደ እግሬ አያርፍም። «ተመለስ! ወደ ኋላ!» ስል ላትቪያ ድረስ ይሰማል፤ ድንበር ላይ የሚግጡ ላሞች ሳይቀሩ ወደ ኋላቸው ይሄዳሉ አሉ።

በዚያ ዓመት ባዶ ለባዶ በመውጣት አውሮፓን የመራን ይመስለኛል። የክለቡ ፕሬዝዳንት፣ የወተት ፋብሪካው ባለቤት ወይዘሮ ዳንጉኦሌ ግን ይህ ጥበብ አልገባትም። ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት መልበሻ ክፍሉ ድረስ መጣች።

«ዛሬ አቻ ከወጣችሁ ወደ ታችኛው ሊግ ወረዳችሁ» አለችኝ። «ከወረዳችሁ ቡድኑን እዘጋለሁ፣ ሜዳው ላይም የቅርጫት ኳስ አዳራሽ እሠራለሁ። ሕዝቡም የሚፈልገው እሱን ነው።»

ይህን አልክድም። በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ አዋላጇ ከጾታው በፊት ቁመቱን ነው የምትነግርህ።

«ሰባት ለባዶ እናሸንፋለን» አልኳት።

«አንድ ይበቃኛል። አንተ እኮ ቪድማንታስ፣ ሌባ እንዳይገባ በሩን ቆልፈህ ቤቱ ውስጥ በረሃብ የምትሞት ሰው ነህ።»

ጨዋታው ተጀመረ። በዚያው ሰዓት ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን በቴሌቪዥን ይጫወት ስለነበር እኛን ሊያይ የመጣው ሰው በአንድ አውቶቡስ ተጭኖ መቀመጫ ይተርፈዋል። አምበላችን ኔሪዩስ እንደ እኔ የመሀል ተከላካይ ነው። ኳስ ይዞ ወደፊት በወጣ ቁጥር «ተመለስ!» እለዋለሁ፤ ይመለሳል።

በዕረፍት ሰዓት መጣና «አሰልጣኝ፣ ዛሬ ማሸነፍ አለብን እኮ» አለኝ።

«እናሸንፋለን። መጀመሪያ ግን አይግባብን።»

«ይህን ከመጋቢት ጀምሮ ሲነግሩን ነው የከረሙት።»

ልጁ ልክ ነበር። ከዕረፍት መልስ «ውጣ!» ልለው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ተመለስ!» ነው። ቦዩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ሰዓቱ ይሮጣል፤ ባዶ ለባዶ።

ሊያልቅ ሲል የእነሱ ክንፍ ተጫዋች ኳሷን እየገፋ በእኔ መስመር ከተፍ አለ። የእኛ ልጅ ጭቃው ላይ ተዘርሯል። በሰውዬውና በግባችን መካከል ከእኔ በቀር ማንም የለም። እኔ አላሰብኩም፤ ያሰበው እግሬ ነው። መስመሩን ተሻግሬ በእሁድ ጫማዬ ኳሷን ጠረግኳት። ከሜዳው ጀርባ ካሉት ጥዶች በላይ አልፋ ሄደች። እስካሁን አልወረደችም የሚሉ አሉ።

ዳኛው እየሮጠ መጣ። «ምን መሆንዎ ነው?»

«ልማድ ነው» አልኩት።

ቀይ ካርድ ሰጠኝ፤ ለእነሱ ደግሞ ቅጣት ምት። የመስመር ዳኛው ከሜዳው ጥግ ባለችው በር አስወጥቶኝ «ጭንቅላትዎ ከአጥሩ በላይ ከታየ ጨዋታው ይቋረጣል» ብሎ ዘጋብኝ።

የወጣሁት የአሮጊቷ የኤውፍሮዚያ ጓሮ ነው። ለክረምት በርሜል ውስጥ በጨው የሚቦካ ጎመን እየከተፈች ነበር።

«አባረሩህ?»

«በክብር ሸኙኝ።»

«እሰይ! በአንተ ጩኸት ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል ካቆሙ ከረሙ። ወዲያ ወዲህ ከምትል በል ክተፍ» ብላ ቢላዋ ሰጠችኝ።

ኳስ ፈልገው እስኪያመጡ ግማሽ በርሜል ከተፍኩ። ከአጥሩ ማዶ ፊሽካ ተነፋ። ቅጣት ምቱ ነው። ድንገት ከተማው በሙሉ ጮኸ! መስኮት ተርገበገበ፣ ውሾች አበዱ። ቢላዋውን ወርውሬ ኤውፍሮዚያን ወደ ላይ አነሣኋት።

«ገባ! አገባን!»

«አውርደኝ፣ አንተ በግ! ቅርጫት ኳሱ ነው!»

በመስኮቷ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይታየኛል። ረጃጅሞቹ ይተቃቀፋሉ። ልቤ ጎመኑ ውስጥ ወደቀች። ይህን ጊዜ ነው ከአጥሩ ማዶ አንዲት ትንሽ ድምፅ የመጣችው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ጉሮሮውን የጠረገ ያህል ብቻ።

«ይሄስ?» አልኳት።

«ይሄ የእናንተው ነው። ለማን እንደገባ ግን እንጃ።»

ሳንቃው ላይ ተለጠፍኩ። ማየት አልችልም። «ተመለሱ!» ልል አፌን ስከፍት ኤውፍሮዚያ አንድ የጎመን ቅጠል ጎሰጎሰችበት። እያኘክሁ በጓሮዋ ዙሪያ ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም፤ ዶሮዎቹ ግን መንገድ መልቀቅ ሰልችቷቸው ነበር። በመጨረሻ ፊሽካው ሦስቴ ተነፋ፤ በአጥሩ ላይም ጭቃ የለበሰ ፊት ብቅ አለ። ኔሪዩስ ነው።

«አንድ ለባዶ! አልወረድንም!»

«ማን አገባ?»

«እኔ።»

«አንተ? ተከላካይ አይደለህ እንዴ! እዚያ ድረስ ምን ወሰደህ?»

«ቅጣት ምቱን በደረቴ አወረድኩት። እነሱ በሙሉ እኛ ሳጥን ውስጥ ነበሩ፤ ከፊቴ ሜዳው ባዶ ነው። 'ተመለስ' እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ሄድኩ።»

«እሺ?»

«ማንም አላለኝም። በረኛው ጋ ደረስኩ።»

ወይዘሮ ዳንጉኦሌ ቡድኑን አልዘጋችም፤ እኔንም አላሰናበተችኝም። ቡድኑን ለማዳን ብሎ በገዛ እግሩ ቀይ ካርድ የሚወስድ አሰልጣኝ በአውሮፓ አንድ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ሳቋን ለመጨረስ መቀመጥ አስፈለጋት።

በረዶው ቀልጦ ልምምድ በጀመርን ዕለት ኔሪዩስ ኳሷን ይዞ ከኋላ ተነሣ። «ኔሪዩስ!» ብዬ ጮህኩ። ቀጥ አለ። ሁሉም ዞር ብሎ አየኝ። ምላሴ ጥርሴን ሊሰብር ደረሰ።

«ምንም» አልኩት። «ሂድ።»

ሄደ። እኔ ግን ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ሁለቱንም እጄን አፌ ላይ ጭኜ፣ በሜዳው ዙሪያ መሮጥ ጀመርኩ።